ክፍል በክፍል የሚወጣ የታሪክ ጌም፦ በአንድ ሌሊት ይጨረስ ወይስ ሳምንት ይጠበቅ?

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ጎበዞች። አንድ ጣጣ ውስጥ ገብቻለሁና ምከሩኝ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ሦስት ቲቪ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ግማሹ የተቀደደ የኳስ ፖስተር። ሁሌ ፊፋ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ዝናቡ አላባራ ብሎ አራት ሰው ብቻ ቀረን። ላፕቶፔን ይዤ ነበር። "እስቲ ይቺን እዩልኝ" ብዬ ዘ ዎኪንግ ዴድን ቲቪው ላይ ሰካሁት። በፈረንጆቹ የ2012ቱን፣ ቴልቴል የሚባለው ኩባንያ የሠራውን፣ የመጀመሪያውን ሲዝን።

ለማያውቀው ሰው፦ አምስት ክፍል ነው። ሊ የሚባል ሰው አለ፤ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበረ፣ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ወደ እስር ቤት ሲወሰድ የፖሊስ መኪናው ይገለበጣል። አገሩ ደግሞ ሙታን ተነስተው ሰው የሚበሉበት ሆኗል። ሊ ክሌመንታይን የምትባል የ8 ዓመት ልጅ ብቻዋን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የዞምቢ አይደለም፣ ልጅ የማሳደግ ነው። ተኩሱ ትንሽ ነው። ዋናው ሥራህ መናገር ነው። አንድ ሰው ይጠይቅሃል፣ አራት መልስ ይመጣል፣ ሰዓቱን የምታሳየው መስመር እያጠረች ትሄዳለች። ካልመረጥህ ዝም እንዳልህ ይቆጠራል።

እኔ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ፣ ቤቱ ይከራከራል፣ ጆይስቲክ የያዘው ይጫናል። መስመሯ ግን አትጠብቅም። "አንደኛው ይቅርታ አድርግልኝ ነው፣ ሁለተኛው ደሞ..." ስል ታልቃለች። ሊ የመጀመሪያውን ክፍል ግማሹን ዱዳ ሆኖ ነው ያሳለፈው። በኋላ ዘዴ አገኘን። አራቱንም በአንድ አንድ ቃል መጥራት፦ "እውነት! ውሸት! ቁጣ! ዝም!" ቤቱ ይጮሃል፣ ልጁ ይጫናል።

ክፍል 1 አልቆ "ቀጣዩ ሐሙስ ነው" አልኩ። ለጨዋታ ያልኩት ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ ቤቱ ሞልቶ በር ላይ ቆመዋል። ክፍል 2 ላይ ሊ እጅ ላይ አራት ቁራሽ ምግብ ብቻ አለ፤ የተራበው ሰው ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ለማን ይስጥ? እዚያች ላይ 20 ደቂቃ ቆምን። ልጆቹ ይቅደሙ የሚለው አሸነፈ። አንዱ ግን "ግንድ የሚቆርጠው ሰው ካልበላ ልጆቹን ማን ይጠብቃቸዋል?" ብሎ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያነሳታል።

ጣጣው ይኸውላችሁ። አሁን ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅን ልንጀምር ነው፣ የ2015ቱን። እሱም አምስት ክፍል ነው። ግማሹ ሰው "ቅዳሜ ማታ በሩን ዘግተን እስኪነጋ እንጨርሰው" ይላል። ግማሹ "በየሐሙሱ" ይላል። ባለቤቱ ጋሼ "እኔ መብራት እስካለ ድረስ ግድ የለኝም" ብለዋል። እናንተስ?

---

ቁርጥ_ያለ (ቡሬ)
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ሌሊቱን ጨርሱት። ምን ጥያቄ አለው። መብራቱ ሐሙስ ስለመኖሩ ማን ዋስ ሊሆንህ ነው?

---

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)
ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ጌም ብዙ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጬ ያየሁትን ነው የማውቀው። ግን ይቺ "ይጠበቅ ወይስ ይጨረስ" የምትል ነገር ከጌሙ በፊት የነበረች ናት።

እናቴ ልጅ ሆና ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲያነብ ሰምታለች። ጎረቤት አንድ ሬዲዮ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ እዚያ ግቢ ይሰበሰባል። የሬዲዮው ድንጋይ እንዳያልቅ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ይውላል። ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ንባቡ ያቆምና ሰው ይበተናል። ከዚያ እስከሚቀጥለው ድረስ ወንዝ ሲወርዱ፣ እንጀራ ሲጋግሩ "እንግዲህ በዛብህን ምን ሊያደርጉት ነው?" ነው ወሬው። ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ጎረቤት ነበር የሚያሟቸው። ደግሞ የኛው አገር ታሪክ ነው፣ ማንኩሳ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ መጽሐፉን በኋላ ራሷ አንብባዋለች፤ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ስትነግረን ግን የምትነግረን የግቢውን ነው፣ የመጽሐፉን አይደለም።

ስለዚህ የኔ ድምፅ ለሐሙስ ነው። ቡናም እኮ አቦሉ ላይ ተነስቶ የሚሄድ ሰው አይወደድም፤ ሦስቱንም በአንድ ሲኒ ገልብጦ የሚጠጣ ግን አላየሁም።

---

ቁርጥ_ያለ (ቡሬ)
ሰኞ፣ ማታ 4፡15

እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሬዲዮው ምርጫ አልነበረውም። ወጋየሁን "ቀጥልልን" ማለት አይቻልም። ጌሙ ግን እጃችሁ ላይ ነው፣ ሁሉም ክፍል አልቆ ወጥቷል። ያለቀን ነገር መጠበቅ ትዕግሥት ሳይሆን ራስን ማስራብ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። የቴልቴል ጌም ምርጫ የውሸት ነው። ስፖይለር አለው፣ ያልጨረሰ ይዝለል። ክፍል 1 ላይ ወይ ካርሊን ወይ ዳግን ታድናለህ። ላብህ ጠብ እስኪል ታስባለህ። ክፍል 3 ላይ ያዳንከው፣ የትኛውም ቢሆን፣ ይሞታል። ታዲያ ምን መረጥኩ? ወንዙ አንድ ነው፣ አንተን በዚህ ዳር ወይ በዚያ ዳር ነው የሚያስኬድህ። ክፍል በክፍል ሲወጣ ይሄ አይታወቅብህም፤ ወር ሙሉ "ምርጫዬ ምን ያመጣ ይሆን" እያልክ ትቆያለህ። በአንድ ሌሊት ስትጫወተው ነው ክሩ ወለል ብሎ የሚታይህ። ኩባንያው የሸጠው መጠበቁን ነው።

ምርጫ ምርጫ የሚሆንበት ጌም የፈለገ የ2018ቱን ዲትሮይትን ይጫወት። ምዕራፉ ሲያልቅ ያልሄድክበትን መንገድ ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ዘርግቶ ያሳይሃል።

---

የዳንግላው (ዳንግላ)
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እኔ ሳልፈልግ ነው የጠበቅሁት 😂

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዘ ዎኪንግ ዴድን ከአንድ ልጅ ሃርድ ዲስክ ገለበጥሁ። ዶርም ውስጥ ተደብቄ ሦስት ክፍል ጨረስሁ። ቀጥል ስለው ክፍል 4 የለም። ልጁም የገለበጠው ከሌላ ልጅ ነው፣ እሱም ሦስት ድረስ ብቻ ነው ያለው። ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። ክረምት ሆኖ ዳንግላ ተመለስሁ፣ ዳታም የለ፣ ምንም የለ። ስምንት ወር! ባቡሩ ላይ የቀረው ሊ ሥራ ስሠራ ትዝ ይለኝ ነበር። በጋ ላይ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ፍላሽ ውስጥ አራተኛውንም አምስተኛውንም አገኘሁ። በዚያ ሰውዬ ደስታ ላይ ምን ያህል እንደጨመርሁለት አላውቅም፣ ሁለት ጊዜ ምሳ ጋብዤዋለሁ።

ግን ነገሩ ቁርጥ_ያለ እንዳለው አይደለም። እኔ ያዳንሁት ዳግን ነው። ስምንት ወር አብሮኝ ቆይቷል፣ ከሞተ በኋላ እንኳ። "ባላድነውስ ኖሮ" እያልሁ። መሞቱ አንድ ከሆነ ታዲያ ለምን ነበር የምጸጸተው?

ማስታወሻ ለሁሉም፦ ሴቭ ፋይላችሁን (የደረሳችሁበትንና የመረጣችሁትን የሚይዘውን) ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ሲዝን 2 የሲዝን 1ን ሴቭ ያነባል፣ ያደረግኸውን ይዞ ይቀጥላል። እኔ መሐል ላይ ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጌ ጠፋብኝ። ሲዝን 2ን ስከፍት ጌሙ ራሱ መርጦልኝ ነው የጀመረው። የሰው ታሪክ የሰጡኝ ነው የመሰለኝ።

---

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

@የዳንግላው ባቡሩ ላይ ስምንት ወር! እኛ አንድ ሳምንት ቆመን ሰው ሊያብድ ነበር።

@ቁርጥ_ያለ ወንድሜ፣ የዲትሮይትን ዛፍ አይቻለሁ። ግን ዛፉን ባየሁ ቁጥር ሰውየውን ረሳዋለሁ። ቁጥር መሰብሰብ ይሆንብኛል። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከክርክሩ ይወጣል ግን ልንገርህ።

ስተረጉም ትልቁ ፈተና ሰዓቱ እንዳይመስልህ። "ዩ" የምትለዋ ቃል ናት። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ናት። እኔ ግን መምረጥ አለብኝ፤ አንተ ነው እርስዎ? መጀመሪያ ላይ ኸርሸል የሚባል ባለ እርሻ ሽማግሌ አለ። ሊን "አንተ" ብሎ እንዲያናግራቸው አደረግኩ። ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው "ይሄ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው እንዴ? ቤታቸው አስጠልለውት አንተ ይላቸዋል?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሁሉ እርስዎ ሆነ። ላሪ የሚባለው ደግሞ መጣ፤ እሱም ሽማግሌ ነው፣ ግን ነገረኛ ነው፣ ሊን በየደቂቃው ይሰድባል። ስንት ትዕይንት "እርስዎ፣ እርስዎ" እያልኩ ቻልኩት። አንድ ቦታ ላይ ሳላስበው "አንተ ሰውዬ!" ብዬ ተረጎምኩ። ቤቱ በጭብጨባ ፈረሰ። ጌሙ ውስጥ የሌለ ምርጫ ነው ያ። እኛ ነን ያስገባነው።

---

ፒክስል_ለቃሚ (ሞጣ)
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

የኔታው መጣሁ፣ ታሪኩን ትንሽ ላስተካክል።

ቴልቴልን በፈረንጆቹ 2004 የመሠረቱት ሉካስአርትስ ከሚባል የጌም ኩባንያ የወጡ ሰዎች ናቸው። እዚያ ሲሠሩት የነበረው የሳም ኤንድ ማክስ ጌም በዚያው ዓመት ተሰርዞ ነበር። በ2006 ራሳቸው ሳም ኤንድ ማክስን በስድስት ክፍል ማውጣት ጀመሩ። ያኔ ሐሳቡ አዲስ ነበር፤ ጌም እንደ ተከታታይ ድራማ። የ2012ቱ ዎኪንግ ዴድ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በአምስት ክፍል ወጣና ስማቸውን አገነነው። (በነገራችን ላይ ቴልቴል ማለት ራሱ ሳባቂ ማለት ነው። ስማቸው ደስ ይለኛል።)

ቁርጥ_ያለ ያልከው ላይ ግማሽ እውነት አለ። ክፍል በክፍል ማውጣት የንግድ ዘዴም ነው። ግን ዘዴው ባለቤቱንም ይበላል። በመስከረም 2018 ቴልቴል ወደ 250 ሠራተኛ በአንድ ቀን አሰናበተ፣ የቀሩት 25 ነበሩ። የክሌመንታይን የመጨረሻው ሲዝን ገና መጀመሩ ነው፤ ከአራቱ ክፍል አንዱ ወጥቶ ሁለተኛው በቀናት ውስጥ ሊወጣ ነበር። ልጅቷን ከ8 ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገ ሰው ሁሉ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ስካይባውንድ የሚባል ሌላ ኩባንያ ገብቶ ነው ያዳነው፤ ከተባረሩት ውስጥ የተወሰኑትን ይዞ ሦስተኛውን በጥር 2019፣ አራተኛውን በመጋቢት አወጣ።

ሁሉም እንደዚያ አልታደለም። ሃፍ ላይፍ 2 ኤፒሶድ ሁለት በ2007 ልብ ሰቅሎ አለቀ፣ ሦስተኛው እስካሁን የለም። የጠበቀው ሰው አግብቶ ልጁ ጆይስቲክ ይይዛል። ኬንተኪ ሩት ዚሮ በ2013 ጀምሮ አምስተኛው ክፍል የወጣው በ2020 ነው። ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ 2 ላይ በክፍልና ክፍል መካከል ወራት እያለፈ ሰው ታሪኩን ረሳው። ለዚህ ይመስለኛል የዚያው ተከታታይ የ2021ዱ ትሩ ከለርስ ክፍሉ እንዳለ ሆኖ ሁሉንም በአንድ ቀን የለቀቁት።

ሞተ ሲባል ግን በ2025 ዲስፓች መጣ፣ የድሮ የቴልቴል ሰዎች ሥራ ነው። ስምንት ክፍል፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት። በወር ውስጥ አለቀ። ልኩን ያገኙት አሁን ነው እላለሁ፤ ሳምንት ያስርባል፣ ዓመት ግን ያስረሳል።

---

ቁርጥ_ያለ (ቡሬ)
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

"የኔታው መጣሁ" 😂😂 እሺ የኔታ። ዲስፓችን አልተጫወትኩትም፣ ያለው ሰው ይንገረኝ።

---

ጠመኔ (ፍኖተ ሰላም)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

መምህር ነኝ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅን ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። ጣና_ዳር፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይሄን አንብብ። ክፍል 2ን ይነካል፤ አንተ የምትመራው ስለሆንክ ብታውቀው ይሻላል። ሌላው ይዝለል።

ዋናዋ ማክስ የምትባል የፎቶግራፍ ተማሪ ናት። ጊዜን ወደኋላ መመለስ ትችላለች። የተናገርሽው ካልጣመሽ መልሰሽ ሌላ ትናገሪያለሽ። ዎኪንግ ዴድ ላይ የነበረው ፍርሃት እዚህ የለም፤ ሰው ይዝናናል፣ ይቀልዳል፣ "መልሰው መልሰው" ይላል። ክፍል 2 መጨረሻ ላይ ኬት የምትባል ልጅ፣ ሃይማኖተኛ፣ ዝምተኛ፣ ተማሪው ሁሉ የቀለደባት፣ የዶርሙ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ትቆማለች። ማክስ እዚያ ስትደርስ ኃይሏ አልቋል። መመለስ የለም። ያለህ የተናገርከው ብቻ ነው። ኬት ትጠይቅሃለች። የሚያድናት ምን ያህል ልብ ብለሃት እንደነበር ነው። ክፍሏ ገብተህ ፎቶዎቿን አይተሃል? ስልክ ስትደውልልህ አንስተሃል? ስለ ቤተሰቧ ታስታውሳለህ?

እኔ መጀመሪያ ስጫወት አልተሳካልኝም። ክፍሏ ውስጥ ገብቼ ነበር፣ ግን ቶሎ ቶሎ ነበር፣ ቀጣዩን ለማየት ቸኩዬ። ጌሙን ዘጋሁት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ድምፅዋን ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ አናገርኳት። ደህና ናት፣ ወሬዋም ብዙ ነው ለካ።

ይሄን በአንድ ሌሊት ስትጫወቱት ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው እዚያ የምትደርሱት። ግማሹ ሰው አንቀላፍቷል። አንዱ "በቃ ክፍል 3ን ክፈተው" ይላል፣ ይከፈታል፣ ኬት በአምስት ደቂቃ ትረሳለች። እባክህ እዚያ ጋ አቁም። መብራት አብራ፣ ሰው ይተያይ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ ያን ቀን አይግቡ።

---

የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜን አሁን ጠየቅሁት። "ኬትን አድነሃታል?" ስለው ዝም አለ። ነገ ቡና ሳፈላ አወጣጣዋለሁ።

---

የዳንግላው (ዳንግላ)
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡05

ጣና_ዳር ግን አንድ ነገር። ከምርጫ በኋላ ስክሪኑ ላይ የምትወጣዋን "ክሌመንታይን ዊል ሪሜምበር ዛት" የምትለዋን ጽሑፍ ምን ብለህ ነበር የተረጎምሃት? እኔ ብቻዬን ስጫወት "ይቺን ይዛብሃለች" ነበር የምላት በልቤ።

---

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡30

መጀመሪያ "ክሌመንታይን ይህን ታስታውሳለች" ብዬ ነበር። ሰው ሳቀ፣ የዜና ነው የመሰለው። ከዚያ ጋሼ "ልጅ አይረሳም በላ" አሉ። እሷው ጸደቀች። ጽሑፏ በወጣች ቁጥር ቤቱ በአንድ ድምፅ "ልጅ አይረሳም!" ይላል። አንዱ አባት ልጁን ፍለጋ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይሄን ሰምቶ ምን ጉባኤ ነው ብሎ ገብቶ ተቀመጠ።

በሉ፣ ወስኛለሁ። ሐሙስ ነው። ዛሬ እንጀምራለን። ቅዳሜ ሌሊት ያሉት አኩርፈዋል፣ ይመጣሉ።

---

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡15

የማታውን ልንገራችሁ፣ አጭር ነው።

ያኮረፉት መጡ፣ ቀድመው ነው ወንበር የያዙት። አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ጊዜ መመለስ በአንድ ምርጫ አንዴ ብቻ፣ አለበለዚያ እስከ ገና አንጨርስም። ትልቁ ጠብ የተነሳው ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው። ማክስ አንድ ሀብታም ልጅ ሽንት ቤት ውስጥ ሽጉጥ ሲያወጣ አይታለች። ትናገር ወይስ ትደብቅ? "ሳባቂ አትሁን" እና "ሽጉጥ እኮ ነው!" ተፋጠጡ። ነገርን። መለስን፣ ደበቅን። እንደገና ለመመለስ ሲለምኑኝ ሕግ ነው አልኩ። ደብቀን ቀረን። እኔ ራሴ ደስ አላለኝም።

መጨረሻው ላይ፣ የተጫወታችሁት ታውቁታላችሁ፣ በሞቃት ቀን ከሰማይ ነጭ ነገር መውረድ ይጀምራል። "በረዶ" ብዬ ተረጎምኩ። ሰው ሁሉ ጠጠሩን፣ ሰብል የሚያወድመውን መሰለው። "ታዲያ ለምን አይሮጡም?" አለ አንዱ። ኧረ ሌላ ዓይነት ነው፣ እንደ ጥጥ ያለው ነው ብል ማን ይስማኝ። ጮቄ ሥር ያደገ አንድ ልጅ "ቆይ፣ የኛንም ጠጠር ቢሆን በዚህ ፀሐይ አይወርድም፣ አንድ ነገር አለ" አለ። ልክ ያኔ ስክሪኑ ጠቆረ። መብራት መስሏቸው "ኧኧኧ!" አሉ። መብራት አልነበረም፣ ክፍል 1 አልቆ ነው።

ከዚያ የሚሄድ ጠፋ። ካፊያ አለ፣ በሩ ሥር ቆመው ስለ በረዶው ይከራከራሉ። ጋሼ ቁልፉን እያንቀጨቀጩ "ልዘጋ ነው" ይላሉ፣ ግን እሳቸውም አልዘጉም፤ "እኔ ግን ያ ሀብታም ልጅ አባቱ ማነው?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ጋሼ፣ አልኩ። ክፍል 2ን አልነካሁትም። እንዳልነካው ፍላሹን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ፣ የሒሳብ መሳቢያው ውስጥ ቆልፈውበታል።

መምህር፣ ሐሙስ ከቻሉ ይምጡልን። ትራንስፖርቱን እኛ እንችላለን።

---

ቁርጥ_ያለ (ቡሬ)
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡40

በስንት ሰዓት ነው ሐሙስ?